አሥራ አንድ እሴቶች፣ አንድ ትክክለኛ መልስ፦ የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር መማሪያ መጽሐፍ ሲመዘን

በኢሕአዴግ ዘመን ትምህርት ቤት የዋለ ሰው፣ በየትኛውም ክልል ይማር፣ በየትኛውም ቋንቋ ፊደል ይቁጠር፣ ሳይዘው ያላለፈ መጽሐፍ ቢኖር የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ትምህርት መማሪያው ነው። ተማሪው ባጭሩ «ሲቪክስ» ይለዋል። ዛሬ መጽሐፉ ከክፍል ወጥቷል፤ ከእጅ ግን አልጠፋም። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉት አራቱ መጻሕፍት በቴሌግራም ቻናሎች በፒዲኤፍ ይዘዋወራሉ፤ ከአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴዎች ዘንድም ለፈላጊ አይታጡም። በውጭ ሀገር ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ወላጆች ስለ ኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትና የመንግሥት አወቃቀር በቀላሉ የሚያስረዳ ጽሑፍ ሲፈልጉ ብዙ ጊዜ እጃቸው የሚገባው ይኸው ነው። ስለዚህም እንደ ማንኛውም ለተጠቃሚ እንደሚቀርብ ነገር የሚሰጠውና የሚጎድለው ሊመዘን ይገባል። እዚህ የመዘንኩት ትምህርት ሚኒስቴር ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ያሳተማቸውን፣ በእንግሊዝኛ የተጻፉትን የሁለተኛ ደረጃ መጻሕፍት ነው።

አወቃቀሩ በቀላሉ የሚታወስ ነው። ትምህርቱ በአሥራ አንድ እሴቶች ላይ ቆሟል፤ እነሱም የዴሞክራሲ ሥርዓት ግንባታ፣ የሕግ የበላይነት፣ እኩልነት፣ ፍትሕ፣ የሀገር ፍቅር፣ ኃላፊነት፣ ታታሪነት፣ ራስን መቻል፣ ቁጠባ፣ ንቁ የማኅበረሰብ ተሳትፎ እና ዕውቀትን መሻት ናቸው። እነዚሁ አሥራ አንድ ርዕሶች ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ እስከ 12ኛ ክፍል በየዓመቱ፣ በዚያው ቅደም ተከተል ይመለሳሉ። በስምንት ዓመት 88 ምዕራፍ ማለት ነው። የአዘጋጆቹ ሐሳብ አንድን ጉዳይ ከዕድሜ ጋር እያሰፉና እያጠለቁ ማስተማር እንደነበረ መገመት አያዳግትም፤ ይህም በሥርዓተ ትምህርት ሥራ የታወቀና የተከበረ መንገድ ነው። ሆኖም ርዕሱ በየዓመቱ ሲመለስ አብሮት የሚመለሰው ትርጓሜ ነው እንጂ ጥያቄ አይደለም። በ9ኛ ክፍል «ዴሞክራሲ ምንድን ነው» ብሎ የጀመረ ተማሪ 12ኛ ክፍል ሲደርስ ትርጓሜው ረዝሞለታል፤ ዴሞክራሲን በሚመለከት ሰዎች የሚጣሉበት ነገር ምን እንደሆነ ግን በመጽሐፉ ብቻ ሊያውቅ አይችልም።

መጽሐፉን በፍትሕ ለመመዘን ከእሱ በፊት በዚያው የትምህርት ክፍለ ጊዜ ምን ይሰጥ እንደነበረ ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ወንበሩ ያው ነውና፣ ተቀማጩ ነው የተለዋወጠው። በንጉሡ ዘመን ቦታው የግብረ ገብ ነበር። ፈሪሃ እግዚአብሔር፣ ታላቅን ማክበር፣ ለንጉሠ ነገሥቱና ለሰንደቅ ዓላማው ታማኝ መሆን በአንድነት ይሰጡ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ እስከ 1950ዎቹ መጨረሻ ድረስ የትምህርት ሚኒስትርነቱን ሥልጣን በራሳቸው እጅ ይዘው መቆየታቸው ለዘውዱ ትምህርት ቤት ምን ያህል ቅርብ ጉዳይ እንደነበረ ያሳያል። ይሁንና የዚያ ሥርዓት ትምህርት ቤቶች ያፈሩት ትውልድ «መሬት ላራሹ» ብሎ አደባባይ የወጣው ትውልድ ነው። ልጅን በትምህርት ታማኝ አደርጋለሁ የሚል መንግሥት ሁሉ ይህን ቢያስብበት ይበጀው ነበር።

ደርግ ግን ከዚህ የወሰደው ትምህርት ሌላ ነው፤ ማስተማሩ ጠንክሮና ተደራጅቶ አልተሠራም ብሎ ነው የደመደመው። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተሰማሩ። ኋላም ትምህርት ለምርት፣ ለሳይንሳዊ ምርምርና ለሶሻሊስት ንቃተ ኅሊና መዋል እንዳለበት ታወጀ፤ የፖለቲካ ትምህርት በየትምህርት ቤቱ ገባ። የዚያ ዘመን ተማሪ የኅብረተሰብን ዕድገት ከጋርዮሽ ሥርዓት ተነሥቶ በባርያ አሳዳሪ፣ በፊውዳልና በካፒታሊስት ሥርዓት በኩል አድርጎ እስከ ሶሻሊዝምና ኮሙኒዝም ድረስ በቃሉ ይወጣዋል። ፊውዳሊዝም፣ ኢምፔሪያሊዝምና ቢሮክራሲያዊ ከበርቴ የተባሉት ሦስቱ ጠላቶች እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ ከአእምሮው አልጠፉም።

ይህ አሠራር ደግሞ ከሀገር ቤት ብቻ የበቀለ አልነበረም። በ1970ዎቹ ዓ.ም. የምሥራቅ ጀርመን አማካሪዎች በኢትዮጵያ የሥርዓተ ትምህርት ዝግጅት ላይ ሠርተዋል፤ ከዚያው ሀገር የመጡ መምህራንም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማርክሲዝም ሌኒኒዝም አስተምረዋል። በዩኒቨርሲቲው አቅራቢያ ቆሞ ያለው የካርል ማርክስ ሐውልትም የዚያው መንግሥት ስጦታ ነው። እነሱ በሀገራቸው ሥራውን በሚገባ ያደራጁ ነበሩ። ሕፃኑ አንደኛ ክፍል ሲገባ ሰማያዊ የአንገት ጨርቅ ይታሰርለታል፤ አራተኛ ክፍል ሲደርስ ቀዩን ይለብሳል፤ በ14 ዓመቱ ወደ ወጣቶች ማኅበሩ ያልፋል። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ስለ ሶሻሊስት መንግሥትና ስለ ዜጋ ግዴታ የሚሰጥ ትምህርት ነበር፤ ውጤቱም ካርድ ላይ ይሞላል። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 1978 ጀምሮም በአብያተ ክርስቲያናት ተቃውሞ ላይ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች የውትድርና ትምህርት እንዲወስዱ ተደረገ። ለወጣቶች ማኅበሩ አባልነት በሕግ የተገደደ የለም ይባል ነበር፤ አልገባም ያለ ልጅ፣ በተለይ የቄስ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ መግባቱ ግን አጠራጣሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1976 ኦስካር ብሩሴቪትስ የተባሉ የሉተራን ቄስ በሳይትስ ከተማ አደባባይ ራሳቸውን በእሳት ሲያቃጥሉ ያቆሙት ጽሑፍ በትምህርት ቤት ውስጥ በልጆችና በወጣቶች ላይ የሚደርሰውን ጭቆና የሚከስ ነበር። ከአራት ቀን በኋላ አረፉ።

በዚያው በ1976 በሌላው ጀርመን፣ በደቡብ በቦይተልስባኽ፣ በፖለቲካ ትምህርት ላይ የተለያየ አመለካከት የነበራቸው ምሁራን ተሰብስበው ነበር። ከስብሰባው የወጣው ስምምነት ሦስት ነጥብ አለው። መምህር ተማሪው የራሱን ፍርድ እንዳይሰጥ በሐሳብ ጫና ሊያሸንፈው አይገባም፤ በምሁራንና በፖለቲከኞች መካከል አከራካሪ የሆነ ጉዳይ በክፍልም ውስጥ አከራካሪ ሆኖ መቅረብ አለበት፤ ተማሪውም የፖለቲካውን ሁኔታ ከራሱ ጥቅም አንጻር መርምሮ ለመንቀሳቀስ እንዲችል መታገዝ አለበት። እኔ ለዚህ ግምገማ ሚዛን ያደረግሁት ሦስቱን ነጥቦች ነው። ምክንያቱም የፖለቲካ ስብከትን ከፖለቲካ ትምህርት የሚለየው የይዘቱ ቀኝነት ወይም ግራነት ሳይሆን ለተማሪው የሚተውለት ቦታ ነው።

በመጀመሪያው ነጥብ ሲመዘን ሲቪክስ ከደርጉ የፖለቲካ ትምህርት እጅግ የተሻለ ነው። ጠላት ተብሎ የሚወገዝ መደብ የለበትም፤ መፈክር አያሸመድድም፤ ልጅ ወላጁን እንዲጠረጥር አያደርግም። አልፎ አልፎም ተማሪው በቡድን ሆኖ እንዲወያይ፣ ሐሳቡን እንዲሰጥ ይጋብዛል።

የሚወድቀው በሁለተኛው ነጥብ ነው። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በኢትዮጵያ ፖለቲካ ውስጥ እጅግ አከራካሪ ሰነድ ነው። የሉዓላዊነት ባለቤቶች ብሔር፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ናቸው የሚለው አንቀጽ 8፣ እስከ መገንጠል ያለውን መብት የሚሰጠው አንቀጽ 39፣ መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ የሚያደርገው አንቀጽ 40 ሀገር ያከራከሩ፣ ፓርቲዎች የተመሠረቱባቸውና የተሰነጠቁባቸው ጉዳዮች ናቸው። በመጽሐፉ ውስጥ ግን እነዚህ የደረሱ መልሶች ሆነው ይቀርባሉ። ተማሪው ከአንቀጽ 8 እስከ 12 ያሉትን አምስት መሠረታዊ መርሆች ይዘረዝራል፤ በአንዳቸው ላይ አጥብቆ የተከራከረ ኢትዮጵያዊ እንዳለና ለምን እንደተከራከረ አያነብም። አንቀጽ 39ን የሚደግፍም የሚቃወምም ወላጅ በዚህ ሊከፋ ይገባል፤ የሚደግፈው ልጁ ሲጠየቅ የሚሰጠው ምክንያት ሳይኖረው፣ የሚቃወመው ደግሞ ልጁ ሌላ አመለካከት እንዳለ ሳይሰማ ያድጋልና። የቀደሙት መንግሥታት ታሪክ አቀራረብም እንዲሁ ነው፤ የ1923ቱ፣ የ1948ቱና የ1980ው ሕገ መንግሥታት ይጠቀሳሉ፣ ጉድለታቸው ይነገራል፣ ጉዞው ሁሉ ወደ አሁኑ ለመድረስ የተደረገ ሆኖ ይታያል። የጋርዮሹን መሰላል በቃሉ የወጣ የደርግ ተማሪ ይህን ቅርጽ በቀላሉ ያውቀዋል።

በሦስተኛው ነጥብ ሲመዘን የመጽሐፉ ችግር ከራሱ ገጾች ውጭ ነው ያለው። የመጀመሪያው ምዕራፍ ስለ መድብለ ፓርቲ ሥርዓትና ስለ ነፃ ምርጫ ያስተምራል። ይህን በሚያነብ ተማሪ ዘመን፣ በ2002ቱ ምርጫ፣ ገዢው ግንባርና አጋሮቹ ከ547 የምክር ቤት መቀመጫዎች 545ቱን ያዙ፤ በ2007ቱ ሁሉንም። አሥረኛው ምዕራፍ ዜጎች ተደራጅተው የመንግሥት አካላትን ሥራ እንዲከታተሉና ተጽዕኖ እንዲያሳድሩ ያበረታታል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ደግሞ ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ማኅበራት በሰብዓዊ መብት ሥራ እንዳይሰማሩ ከለከለ፤ የሀገር ውስጥ ምንጭ ደካማ ነበርና ብዙዎቹ ሥራቸውን ቀነሱ ወይም አቆሙ። በአምስተኛው ምዕራፍ፣ በሀገር ፍቅር ሥር፣ ሽብርተኝነትን መታገል የዜጋ ግዴታ ሆኖ ይቀርባል፤ በዚያው ዓመት የወጣው የፀረ ሽብር አዋጅ ቁጥር 652 ጋዜጠኞችንና ጦማሪያንን ለመክሰስ ዋለ። አሥራ ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ ጋዜጣ ባያነብ እንኳ ቤት ውስጥ የሚባለውን ይሰማል። መጽሐፉ እነዚህን ነገሮች ከክፍል ውጭ ትቷቸው ስለሄደ ልጁ በልቡ ሁለት መዝገብ ይከፍታል፤ አንዱ ለፈተና፣ አንዱ ለኑሮ። ለእኔ የዚህ መጽሐፍ ትልቁ ጉዳት ይህ ነው። ተማሪው ያልሆነውን እንዲያምን አላደረገውም፤ ስለ ሕግና ስለ መብት የሚነገር ቃል ሁሉ ለወጉ ያህል የሚባል እንዲመስለው አደረገው።

ፈተናው ይህን አጠንክሮታል። ሲቪክስ በዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ሁሉም ተማሪ፣ የተፈጥሮ ሳይንስም ሆነ የማኅበራዊ ሳይንስ፣ የሚወስደው ትምህርት ነበር፤ ጥያቄውም ምርጫ ነበር። ከሀ እስከ መ ካሉት አንዱ ብቻ ትክክል ነበር። የኬሚስትሪ ጥያቄ እንዲህ ቢጠየቅ አያስቸግርም፤ «ከሚከተሉት ውስጥ የዜጋ ኃላፊነት የሆነው የቱ ነው» የሚል ጥያቄ ግን በአንዲት ፊደል ሲመለስ ተማሪው የሚመዘነው ማሰቡ ሳይሆን ጸሐፊው ያሰበውን መገመቱ ነው። በዚህ ላይ ቋንቋው አለ። በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲማር የቆየ ልጅ 9ኛ ክፍል ሲደርስ ስለ ሉዓላዊነትና ስለ ተጠያቂነት በእንግሊዝኛ እንዲያነብ ይጠበቃል። ዐረፍተ ነገሩን በራሱ ቃል መመለስ ያልቻለ ልጅ ያለው አማራጭ ሽምደዳ ነው፤ የሸመደደውን ደግሞ ሊጠራጠር አይችልም። የቋንቋው ችግር ሆን ተብሎ የመጣ አይመስለኝም፤ ነገር ግን መጽሐፉን ከማንኛውም ካድሬ ንግግር በላይ ለስብከት እንዲመች ያደረገው እሱ ነው።

የትምህርት ቤቱ ሕይወትም ለብቻው የሚታይ አይደለም። በ2000ዎቹ ዓ.ም. ተማሪዎች በ«አንድ ለአምስት» ተደራጅተው፣ ጎበዙ ተማሪ መሪ ሆኖ፣ ነገሩ ሁሉ «የትምህርት ልማት ሠራዊት» ተብሎ በነበረበት ጊዜ ልጁ ስለ ፈቃደኛ ተሳትፎ የሚያነበው በግድ በተቀመጠበት ቡድን ውስጥ ሆኖ ነው። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ኅዳር 29 የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ሆኖ ሲከበር ልጆች የየብሔረሰቡን ልብስ ለብሰው ይጨፍራሉ፤ ቀኑ ያማረ ነው፣ ነገር ግን ስለ ሕገ መንግሥቱ ከመጽሐፉ የበለጠ የሚያስረዳ ነገር የለውም። የሲቪክስ መምህሩም በተማሪዎቹ ዘንድ «ካድሬ» የሚል ቅጽል ስም ሊወጣለት ይችላል፤ ብዙዎቹ ግን ይህን ስም በምንም ሥራቸው ያላተረፉ፣ የተሰጣቸውን ገጽ በታማኝነት የሚጨርሱ ሰዎች ነበሩ።

ይህ የአምባገነኖች ችግር ብቻ ነው የሚል አንባቢ ካለ ምዕራቡንም ማየት ይበጃል። በምዕራብ ጀርመን እ.ኤ.አ. ከ1956 ወዲህ ትምህርት ቤቶች ስለ «ምሥራቁ» እንዲያስተምሩ በይፋ ሲመከር ትምህርቱ በፀረ ኮሙኒስት መንፈስ የተሞላ ነበር። በአሜሪካ ልጆቻቸውን የሚያስተምሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ደግሞ በብዙ ትምህርት ቤቶች ማለዳ ማለዳ ልጆች እጃቸውን ልባቸው ላይ አድርገው ለሰንደቅ ዓላማ የታማኝነት ቃል እንደሚገቡ ያውቃሉ። ልዩነቱ በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የእ.ኤ.አ. 1943 ውሳኔ ላይ ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ የይሖዋ ምስክሮች ልጆች ባነሡት ጉዳይ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት ማንንም ልጅ ሰንደቅ ዓላማ እንዲሳለም ሊያስገድድ አይችልም ተባለ። መዝሙሩም ሰልፉም ይቀጥላል፤ አልዘምርም ያለውን ልጅ ግን ሕግ ከጎኑ ይቆማል። የኢትዮጵያ ተማሪ ከ1967 እስከ 1984 ዓ.ም. ባሉት ጊዜያት ሦስት ብሔራዊ መዝሙሮች ሲፈራረቁ አይቷል፤ በሦስቱም ዝም ማለት ይፈቀድ እንደሆነ የጠየቀ የለም።

እስካሁን ያልኩት መጽሐፉ ዋጋ የለውም ለማለት አይደለም። የሕግ የበላይነትና የፍትሕ ምዕራፎች በእውነት ጠቃሚ ናቸው። ሙስና ምን እንደሆነ፣ ግብር ለምን እንደሚከፈል፣ ሥልጣኑ የተገደበ መንግሥት ካልተገደበው በምን እንደሚለይ በንጹሕ ቅደም ተከተል ያስረዳሉ። በእኩልነት ምዕራፍ ስለ ሴቶች መብት የሚነገረው፣ ያለ ዕድሜ ጋብቻንና ሌሎች ጎጂ ልማዶችን በግልጽ መንቀፉ፣ ለብዙ የገጠር ልጃገረድ በታተመ ጽሑፍ ያገኘችው የመጀመሪያው ድጋፍ ሊሆን ይችላል። የቁጠባውም ምዕራፍ ለድግስና ለተዝካር ስለሚባክን ገንዘብ የሚለው እውነት ነው፤ በእርግጥ የባንክ ወለዱ ከዋጋ ንረቱ በታች በነበረባቸው ዓመታት ቁጠባን የሰበከ መጽሐፍ ይህን አንድ መስመር ቢጨምርበት ደግ ነበር። ከሁሉ በላይ ግን የሰብዓዊ መብት ክፍሉ ሳይታሰብ ያፈራው ፍሬ አለ። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት የሚደነግገውን አንቀጽ 19ን፣ ሐሳብን የመግለጽ መብትን የሚያረጋግጠውን አንቀጽ 29ን በቁጥራቸው የሚጠራ ትውልድ ተፈጥሯል። በ2008ና በ2009 ዓ.ም. መንግሥትን «ሕገ መንግሥቱን አክብር» ብሎ የሞገተው ወጣት ቃሉን ያገኘው፣ ቢያንስ በከፊል፣ ከዚሁ መጽሐፍ ነው። የንጉሡ ዘመን ተማሪዎች ታሪክ በሌላ መልኩ ተደገመ።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሥራ ላይ በዋለው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ግብረ ገብ ለታችኞቹ ክፍሎች ተመልሷል፤ ለላይኞቹም የዜግነት ትምህርት በሚል ስም አዲስ መጽሐፍ ተዘጋጅቷል። እሱ ራሱን የቻለ ግምገማ ይፈልጋል። በእጁ ያለ ሰው በመጀመሪያ ሊፈትሸው የሚገባው ስለ ፌዴራሊዝም፣ ስለ መሬትና ስለ ሀገር ታሪክ በሚያወሩት ገጾች ላይ ቢያንስ ሁለት የሚጋጩ አመለካከቶች በእኩል ክብር ቀርበው እንደሆነና ከምዕራፉ መጨረሻ ያሉት ጥያቄዎች ከአንድ በላይ መልስ ይቀበሉ እንደሆነ ነው።

አሮጌውን መጽሐፍ በተመለከተ ለወላጆች የምመክረው ይህን ነው። ልጅዎ ከአሥራ አራት ዓመት በላይ ከሆነ የ9ኛውን ወይም የ10ኛውን ክፍል መጽሐፍ ያውርዱ፤ ከ12ኛው ይልቅ እነዚህ አጠር ያሉና ለንባብ የቀለሉ ናቸው። ከአሥራ አንዱ ምዕራፎች ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውንና ዘጠነኛውን እንዳሉ ማንበብ ይቻላል። አንደኛውን፣ አምስተኛውንና አሥረኛውን ግን የሕገ መንግሥቱን የአማርኛ ጽሑፍ ከጎን አድርገው አብረው ያንብቡ፤ በአንቀጽ 8 እና 39 ላይም እርስዎ የሚስማሙበትን ብቻ ሳይሆን የማይስማሙበትን ሰው ምክንያት ለልጁ ያስረዱት። የምዕራፍ መጨረሻ የምርጫ ጥያቄዎችን ይዝለሏቸው። ለመግቢያ ፈተና ብሎ ለሚፈልገው ደግሞ ጊዜው አልፎበታል። እንደ መማሪያ መጽሐፍ ከአምስት ሁለት ተኩል እሰጠዋለሁ፤ ይህም ሁሉ ማለት ይቻላል እንዳሉ ሊነበቡ ይችላሉ ላልኳቸው አራት ምዕራፎች የሚሰጥ ነው።